ድንኳን ለሚስተር ዋላስ

(ካናዳ ውስጥ፣ ፓይን ሆሎ በምትባል ሚጢጢ ከተማ፣ የዕድሩ ድንኳን በተቆለፈበት የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ መጋዘን በር ላይ፤ የሐበሾቹ ዕድር ዳኛ ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ኪሳቸው ከተዋል፣ የአረጋውያን ማረፊያ ሠራተኛዋ የዝና መንገድ ዘግታባቸዋለች።)

የዝና፦ ቁልፉን ይስጡኝ ነው ያልኩት ጋሼ፤ ኩላሊትዎን አልጠየቅኩም።

ጋሽ ደምሰው፦ ድንኳኑ የዕድርተኛ ነው። ሚስተር ዋላስ ዕድርተኛ ነበር? አልነበረም። በቃ።

የዝና፦ ሰውየው ነገ ይቀበራል። ልጁ እንደሆነች መንገዱ በበረዶ ተዘግቶባት ቀርታለች። ቀብሩ ላይ የምንቆመው ሴቷ ቄስ፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮና እኔ ነን።

ጋሽ ደምሰው፦ ይበቃዋል። እዚህ አገር ለቅሶ ግማሽ ሰዓት ነው። ሳንድዊቻቸውን በልተው፣ «በጣም ያሳዝናል» ብለው መኪናቸውን ያስነሳሉ።

የዝና፦ እሱ እኮ ይህንኑ ነው የፈራው። ሊሞት ሰሞን፣ እኛ ማረፊያ ተኝቶ ሳስታምመው፣ «እነዚያ ሦስት ቀን የሚቀመጡት ሰዎች ለእኔም ይቀመጡልኛል?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ጋሽ ደምሰው፦ በማን ሥልጣን? ዳኛው እኔ ነኝ።

የዝና፦ ለአሥራ አንድ ሰው ዳኛ፣ ኩራትዎ በዛ።

ጋሽ ደምሰው፦ ሳቂ አንቺ ምናለብሽ። የእናቴን መርዶ የሰማሁ ጊዜ ያደረገኝን ረሳሽው? ድንኳን ተክለን፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ገና እንባችን ጉንጫችን ላይ ሳይደርስ፣ ያ ዋላስሽ የእሳት አደጋ መኪናውን እያስጮኸ መጣ። በሰው ፊት አስነቀለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዝና፦ ድንኳኑ ውስጥ እኮ ሦስት የጋዝ ማሞቂያ ለኩሰው ነበር። አንዱ ሸራውን ሊይዘው ምን ቀረው?

ጋሽ ደምሰው፦ ታዲያ ሰው እየተንቀጠቀጠ እንዴት ያለቅሳል?

የዝና፦ መጀመሪያ «ማሞቂያው ከሸራው ይራቅ» ብቻ ነበር ያለው። እርስዎ ነዎት «በእናቴ ለቅሶ ሕግ አትጥቀስብኝ» ብለው የተነሱበት።

ጋሽ ደምሰው፦ ከዚያስ የት ወሰደን? እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ በረዶው ላይ። እናቴን ያለቀስኩት የሆኪ ተጫዋቾች ወንበር ላይ ነው፤ ከራሴ በላይ የነጥብ ሰሌዳው «እንግዳ ቡድን፦ ዜሮ» እያለ።

የዝና፦ ሦስቱንም ቀን ከጎንዎ ማን ተቀመጠ?

ጋሽ ደምሰው፦ እሱ። እሳት እንዳናስነሳ ሊጠብቀን።

የዝና፦ አዳራሹ በረዶ ነው ጋሼ። ምኑ ነው የሚቃጠለው?

ጋሽ ደምሰው፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ያ ሰው ሁሉ ነገር ይጠብቅ ነበር። እሳት አደጋው እሱ፣ ሙዚየሙ እሱ፣ የአዳራሹ ቁልፍ እሱ። አንድ ሰው ሲሞት ሦስት መሥሪያ ቤት የሚዘጋባት ከተማ። ለዚያውም ሙዚየም ከተባለ። አንዲት የእሳት ማጥፊያ ጋሪ በገመድ አጥሮ «ታሪካችን ነው፣ አትንኩ» ይላል። የአጎቴ ኮርቻ በዕድሜ ይበልጣታል።

የዝና፦ እርስዎ አይደሉም እንዴ በየበዓሉ የሚወለውሏት?

ጋሽ ደምሰው፦ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ነኝ፤ ስታዘዝ እወለውላለሁ። ነገሩን አታዙሪብኝ። ያለ እሳት አደጋው ኃላፊ ፊርማ እዚህ ከተማ ድንኳን አይተከልም። ኃላፊው ደግሞ ሞቷል። እንግዲህ ምን ላድርግሽ?

የዝና፦ ምክትሉ ማነው?

ጋሽ ደምሰው፦ አለ አንድ ሰው።

የዝና፦ ማን?

ጋሽ ደምሰው፦ እኔ።

የዝና፦ ማን ሾመዎት?

ጋሽ ደምሰው፦ እሱ። ከለቅሶው የተነሳን ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥቶ።

የዝና፦ ለምን እርስዎን መረጠ?

ጋሽ ደምሰው፦ «ለሞተ ሰው ሦስት ቀን ከበረዶ ላይ የማይነሳ ሰው፣ በሕይወት ያለውንማ ጥሎ አይሸሽም» አለኝ። ተናድጄ ስለነበር አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

የዝና፦ አሁን ይበሉታ።

ጋሽ ደምሰው፦ እንቺ ቁልፉን። ሰዎቹን ጥሪያቸው፤ ካስማውን እኔ እመታለሁ። ግን ስሚ፣ ማሞቂያው ከሸራው ይራቅ።

የዝና፦ እሺ፣ ሚስተር ዋላስ።