ኮፈኑ የተከፈተ መኪና
18 ማዞሪያ ጋ፣ ጎረቤታችን ሀጂ ሙዘሚል የሱቃቸውን ዕቃ ለሚያመላልሱባት ፒክአፕ ጉልበት ልጨምርላት ብዬ አዲስ ፕሮግራም ከላፕቶፔ ወደ ሞተሯ ኮምፒውተር እየጫንኩ ነበር። ፕሮግራሙ ተጭኖ ሳያልቅ የባትሪው ኃይል ከወረደ ኮምፒውተሩ ይበላሻል፤ መኪናዋም ተገትራ ትቀራለች። ግማሽ ላይ ስደርስ ባትሪ የሞተበት የሚኒባስ ሹፌር ከእኛ ባትሪ ሊያስነሳ ኬብሉን ይዞ መጣ። እኛ ሰፈር ደግሞ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ካዩ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

"ወንድሜ፣ አንዴ ላስነሳባችሁ" ብሎ ጎንበስ አለ። እኔ "ምን መሰለህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫን ቮልቴጁ..." እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ኬብሉ ባትሪውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው አጠገቤ ቆመው የነበሩት ሀጂ የሹፌሩን እጅ ለቀም አደረጉ። ፕሮግራሙ ተጭኖ አልቆ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስም አለቀቁትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ አትንካ በለው፤ ትምህርቱ ይደርሳል" አሉኝ።