የእትዬ ዘነበች በሶ

በደርግ ጊዜ ነው። ቀበሌያችን አንድ ቀን ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ድረስ ሰልፍ አስወጣን። ባሕር ማዶ በጦር ተከቦ የተራበ ሕዝብ አለ፤ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ፈረንጆች እዚያ ድረስ ሄደው፣ በእግራቸው እየተሰለፉ «እህል ይግባለት» ሊሉ በዚህ ባቡር በጅቡቲ በኩል ያልፋሉና እንሸኛቸው ተባለ። ባቡሩ እንደቆመ ካድሬው መፈክር ያሰማል፣ እኛ ግራ እጃችንን እያነሳን እናስተጋባለን። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ብቻ እጃቸውን አላነሱም።

«እርስዎ! እጅ አይነሳም እንዴ?» አለ ካድሬው።

«እጄ መች ባዶ ሆነና ልጄ፣ በሶ ይዣለሁ።» ለካስ ከነጠላቸው ስር አንድ ከረጢት ሙሉ አቅፈዋል!

«የመጣነው ለሰልፍ ነው እኮ እናቴ!»

«ተርበዋል አላልከንም? ለተራበ ሰው ጩኸት ምን ያደርግለታል?»

እኔ ክው አልኩ፤ ያኔ ለካድሬ እንዲህ ተብሎ አይመለስም። እሱ ግን አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ፈረንጆቹን አየና፣ ከረጢቱን ተቀብሎ ራሱ በመስኮት አቀበላቸው። አንዷ ፈረንጅ ከዱቄቱ ጠቀም አድርጋ ብትቅም ትን አላት። ባቡሩም ተንቀሳቀሰ። እትዬ ዘነበች ጭንቅ ብሏቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ እያወናጨፉ፣ «በውሃ ይበጥበጥ!» ብለው ጮኹ።

ሰልፈኛው መፈክር መስሎት ግራ እጁን አንስቶ በአንድ ድምፅ፣ «በውሃ ይበጥበጥ!» አለ።

ከሁሉ በላይ የጮኸው ካድሬው ነበር።