ቤታቸውን ያልጠገቡት እታለም

ዘመድም ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም «እታለም» እያልን የምንጠራቸው፣ ዛሬም ልንሸኛቸው የቆምንላቸው እኅታችን፣ ከከባድ መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና ጡት ሳይጥሉ በያዛቸው ብርቱ ትኩሳት ምክንያት አንደበታቸው የተጎተተ፣ የተነገራቸውም ነገር ቀስ ብሎ የሚገባቸው ሆነው አደጉ፤ አንዴ የገባቸውን ነገር ግን ማንም ሊያስረሳቸው እንደማይችል፣ ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የተረታ ሁሉ ያውቀዋል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ቢዘልቁም፣ ክፍል እየደገሙ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ስለጀመሩ፣ እናታቸው ልጄ መሳቂያ አትሆንም ብለው ወደ ቤት መለሷቸው። አባታቸው በመኪና አደጋ ካረፉ ወዲህ ደግሞ የእናታቸው ስስት በረታ፤ ምድጃ እንዳያቃጥላቸው፣ ቢላ እንዳይቆርጣቸው፣ መንገድ እንዳይጠፋባቸው እየተባለ፣ እታለም ሠላሳ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሻይ እንኳ በገዛ እጃቸው አፍልተው አያውቁም ነበር። ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው የተሰፋውን ልብስ ማጠፍ ብቻ ተፈቅዶላቸው ነበርና፣ ያንኑ አጥብቀው ያዙት።

እናታቸው ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ አስታማሚ የነበሩት እታለም መቀመጥ ሲሰለቻቸው ኮሪደር ላይ በጋሪ ተከምሮ የቆመውን አንሶላ ሁሉ ዘርግፈው እንደገና አጠፉት። ነርሷ ተቆጣች፤ ጋሪውን ሊወስዱ የመጡት የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊዋ ግን ክምሩን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ይህችን ልጅ ስጡኝ አሉ። እናትየው ከአልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸው ሥራ እንደማትችል ማስረዳት ሲጀምሩ፣ እታለም ጫማቸውን አጥልቀው ኃላፊዋን ተከትለው ሄደው ነበር።

በመጀመሪያ የተሰጣቸው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በእነዚያ ወራት እናታቸው ቁስላቸው ሳይጠግግ በየጠዋቱ ተከትለዋቸው እየመጡ ከሆስፒታሉ በር ላይ ይጠብቋቸው ስለነበር፣ ጥበቃው ወንበሩን ለቆላቸው፣ ለእንግዳ ሁሉ የውስጡን አቅጣጫ የሚጠቁሙት እሳቸው ሆነው ነበር። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን ግን አንሶላ የሚተኩሰውን ትልቁን ማሽን ያለ ረዳት ማሠራት ግድ ነበርና፣ እታለም መጀመሪያ ጨርቁ ተጠቅልሎባቸው፣ ቀጥሎም ጣታቸው ተቃጥሎ፣ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ወደቁ። ወንድማቸው ይቅርብሽ ቢሏቸውም ወደ ማሽኑ ተመለሱ፤ በሦስተኛው አልፈው የሙሉ ቀን ሥራቸውን በያዙ ዕለትም፣ ውሉን ልፈርምልሽ ያሉትን የወንድማቸውን እጅ ገፍተው፣ ጸሐፊዋ ቆማ እየጠበቀች ስማቸውን ፊደል በፊደል ራሳቸው ጻፉ።

ቀጥለው ያሰቡት ነገር ቤተ ዘመዱን ሁሉ አስደነገጠ፤ ለብቻቸው ቤት ሊከራዩ ፈለጉ። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ ጎን፣ አንድ መስኮት ያላት ክፍል አግኝተው ገቡ። ምድጃ መለኮስን በዚያ ተማሩ፤ ድስት አሳረሩ፤ ቁልፉን ውስጥ ረስተው በር ዘጉ፤ በዚህም ምክንያት ትርፉ ቁልፍ እናታቸው ዘንድ እንዲቀመጥ ተደረገ። እናት ግን አላስቻላቸውም፤ ልጃቸው ሥራ ሲውሉ እየገቡ ጠርገው፣ ምግብ አብስለው፣ ልብስ አጥፈው ይመለሱ ነበር። እታለም የልብሱን አስተጣጠፍ ባዩ ጊዜ የማን እጅ እንደሆነ አላጡትም። ሊያመሰግኑ ይገባቸዋል ያልነው ብዙዎች ነበርን፤ እሳቸው ግን ሄደው ቁልፉን ተቀበሉና፣ በዚያ በተጎተተ አንደበታቸው፣ «እማዬ፣ ስትመጪ አንኳኪ። እኔ እከፍትልሻለሁ» አሏቸው።

እናታቸው ክፉኛ አኮረፉ፤ በልጄ ቤት እንግዳ ሆንኩ እያሉ ለሰማ ሁሉ አለቀሱ፤ ከልጃቸው ደጅም እግራቸውን አጠፉ። እታለም በየእረፍት ቀናቸው እየሄዱ ደጅ ቢጠኑም፣ ቁልፉን አልመለሱም። ወራት ካለፉ በኋላ እናታቸው መጥተው አንኳኩ። እታለም ከፈቱላቸው፤ ወንበር አቀረቡላቸው፤ ሻይ አፍልተው ሰጧቸው። እናትየው ከልጃቸው እጅ ሻይ ሲጠጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ ስኳሩ ቢበዛባቸውም አንጠፍጥፈው ጨረሱት።

ትዳር አልመሠረቱም፤ ጠያቂ አጥተው ግን አይደለም። ዛሬም በመካከላችን የቆሙት የሆስፒታሉ አትክልተኛ ደጋግመው ቢጠይቋቸው፣ ገና ቤቴን አልጠገብኩትም የሚል መልስ ሰጥተዋቸዋል። ልጅ ባይወልዱም በክፍሉ አዲስ የተቀጠሩትን ሁሉ ማሽኑን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዘመድ ቤት ሲመጡም ቁም ሳጥን ከፍተው ያለውን ሁሉ እንደገና ሳያጥፉ አይመለሱም ነበርና፣ እታለም ይመጣሉ በተባለ ቀን ቁም ሳጥናችንን የምንቆልፍ ነበርን።

የእናታቸው ጉልበት ሲደክም፣ የወንድማቸው ሰፊ ቤት እያለ፣ በዚያች በአንዲት ክፍል ተቀብለው፣ ጠዋት አጥበውና አብልተው ወደ ሥራ እየሄዱ ዓመታት የጦሯቸው እታለም ናቸው። ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሰኞ፣ በሚሠሩበት ሆስፒታል፣ ምናልባትም በገዛ እጃቸው በታጠፈ አንሶላ ላይ፣ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታቸው ትናንት እንደነገሩን፣ እታለም ከታመሙበት ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በየዕለቱ የሚጸልዩት አንድ ጸሎት ነበር፤ «ከእኔ በፊት ውሰዳት፤ በሰው እጅ ጥያት እንዳልሄድ» የሚል። ልጃቸው በገዛ ቤታቸው ከተቀበሏቸው ቀን ወዲህ ግን ያን ትተው፣ እኔን አስቀድመኝ ማለት ጀምረው ነበር።

እታለም እናታቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጆች፣ እንዲሁም እንደ እኅት የሚያዩአቸውን ባልደረቦቻቸውን ትተው ተለይተውናል። እናታችንን ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ይምጡ ብንላቸው፣ በእታለም ቤት መቆየትን መርጠዋል። የሁላችን ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ ትተውት የነበረውን ጸሎት አሁን ለሰማባቸው ለእናታችንም፣ መጽናናቱን እሱ ራሱ ይስጥልን።