ሶሊን ያለ ትኬት ያዋልንበት ቀን

በኛ ጊዜ ልጅን ማዝናናት የሚባል ሥራ አልነበረም። ልጅ ራሱ ይዝናና ነበር፤ አዝናኝ መቅጠር የለ፣ ትኬት መቁረጥ የለ፣ ደጅ ይወጣል፣ አፈር ያቦካል፣ ሲመሽ ተጠርቶ ይገባል፣ አለቀ። ታዲያ እኔ ይሄን ሥራ የተማርኩት በሽምግልናዬ ነው፣ ያስተማሩኝም የሶሊ ሌላዋ አያት፣ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሶሊ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚ፣ ያንቺው ታሪክ ነው። እናንተም ጠጋ በሉ፣ እኔ እየጮሁ ማውራት አልወድም።

ጊዜው ለከተማው ባቡር ተብሎ እስከ መገናኛ መንገዱ ሁሉ የተቆፋፈረ ጊዜ ነው፤ ታስታውሳላችሁ አይደል፣ ሰው ታክሲ ለመያዝ ጉድጓድ ለጉድጓድ የሚዘልበት። ያን ጊዜ ከኛ ሰፈር ከፈረንሳይ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፉ መሀል አንድ ሪዞርት ተከፈተ። እኔ ሪዞርት የሚባለው ባሕር ዳር ያለ ነገር ይመስለኝ ነበርና «ባሕሩስ የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ባሕር ዛፍ አለ አይደል አባባ» አሉኝ። እንዲህ ነው የሚያሾፉብኝ።

እና የሶሊ እናት ሕይወት፣ ምራቴ፣ መሥሪያ ቤቷ እዚያ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባ ብቻ አይደለም፣ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቷል፣ የሚወዳደሩት ሁሉ እየተነሱ አለቆቹ ፊት እቅዳቸውን ሊያቀርቡ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጎበዝ ናት፣ ምራቴ ስለሆነች አይደለም፣ እውነቱን ነው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ስብሰባ ላይ «ሶሊ አተኮሳት» ተብሎ ተደውሎላት ሁሉን ጥላ ወጥታ ነበር፣ እና አለቃው በሰው ፊት «ሕይወት ጎበዝ ናት፣ ልቧ ግን ቤቷ ነው» ብሏታል። ይቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባት ቀረች። ማታ ማታ ስታወራት እሰማ ነበር። ዛሬ ካቋረጠች ያ ቃል እውነት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ሶሊን ማን ይያዛት? ልጄ ፊልድ ወጥቷል፣ ሠራተኛዋ ድንገት አገሬ ልግባ ብላ ሄዳለች። ሶሊ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ጡት አልጣለችም፣ ከእናቷ ርቃ ውላ አታውቅም። እንግዲህ ሁለት አያት ተጠራ፣ እኔና ወይዘሮ አስካለ።

ወይዘሮ አስካለን የማታውቁ፣ ወሰን ሰፈር ጋራዦቹ መሀል የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ወንዱ ሁሉ ይፈራቸዋል፣ አንድ ብሎን ሳያዩ በድምፁ ያውቁታል። በዚያ ላይ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ረቡዕና ዓርብ ገድፌ አላውቅም። ከልጆቹ ሠርግ ጀምሮ ሰላምታችን በልክ ነበር። «እንደምን ነዎት አቶ በየነ» «እግዚአብሔር ይመስገን» በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም መስኮት መስኮቱን ነው የምናየው።

እና ሕይወት አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ዞር አለችና «አባባ፣ እማ፣ አደራችሁን፣ እስክጨርስ እንዳታስጠጓት። ድምፅዋን ከሰማሁ እግሬ አይታዘዘኝም፣ ወረቀቴን ጥዬ ነው የምወጣው» አለችን። ዓይኗ ቀልቷል። «ሂጂ፣ በኔ ጣይው» አልኳት፣ እኔ ደግሞ ሱፌን ለብሻለሁ፣ ከረባቴን አስሬያለሁ፣ ልጅ የምጠብቅ ሳይሆን አምባሳደር የምቀበል ነው የምመስለው።

ታዲያ ከአዳራሹ ዝቅ ብሎ የልጆች መጫወቻ አለ። ትንሽዬ ባቡር፣ የሚዞር ፈረስ፣ በአየር የሚነፋ ቤተ መንግሥት የሚያህል ነገር፣ ዘፈኑ ሰማይ ይነካል፣ በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ተቀምጣለች። እኔም «በቃ፣ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ፈረሱ ላይ ትቀመጥ፣ እኛም አረፍ እንላለን» አልኩ።

«ተዉ አቶ በየነ» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

«ለምን እተዋለሁ? ከኔ ኪስ ነው!»

«የኪስ ነገር አይደለም። ልጅቷ እናቷን አጥታ ሆድ ብሷታል፣ ያ ፈረስ ንቅንቅ ሲል እሪ ትላለች፣ የሷ እሪታ ደግሞ አዳራሽ ሊገባ ነው። ቆይ፣ ምን እያየች እንደሆነ እስቲ ይዩዋት።»

አየኋት። ፈረሱን አላየችም፣ ባቡሩን አላየችም። ቁጢጥ ብላ መንገዱ ላይ የተነሰነሰውን ጠጠር እያየች ነው፣ አንዷን በሁለት ጣቷ አንስታ ለኔ ትሰጠኛለች፣ መልሳ ትቀበለኛለች።

«ትኬቷን ቆርጣለች» አሉኝና ቁጭ አሉ፣ መሬት ላይ፣ ያን የመሰለ ቀሚስ ለብሰው!

እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ሴትየዋ ግን ከቦርሳቸው ባዶ ሃይላንድ አወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ሶሊ ጠጠሯን አንድ በአንድ ትከትበት ጀመር። ሲሞላ ይነቀነቃል፣ ቻክ ቻክ ቻክ፣ ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል። ሲሰለቻት የባሕር ዛፍ ፍሬ ለቀማ፣ ደግሞ አትክልተኛው በጎማ ውሃ ሲያጠጣ ቆሞ ማየት፣ ውሃው ቅጠል ላይ ሲወርድ «ሽሽሽ» ማለት። ከዚያ መኪና ሆነች። «ማርሽ አስገቢ! ንጂ! ፍሬን!» ይሏታል፣ ፍሬን ሲሏት ቀጥ ትላለች። ስሙኝማ፣ እኔ «ቁሚ! ልጅት ቁሚ ብያለሁ!» ስል ጭራሽ ትሮጣለች፣ እሳቸው «ፍሬን!» ሲሉ ሲጥ! እኔን ደግሞ ምን ቢያደርጉኝ ጥሩ ነው? «አያትሽ ባትሪው ሞቷል፣ ግፊው» አሏት! እና ይቺ ሶሊ፣ እዚህ ቁጭ ያለችው፣ በሁለት እጇ ቂጤን እየገፋች፣ እኔ በሱፍ በከረባት «ትር... ትር... ትርርር» እያልኩ ስነሳ! ዘበኛው ሳቀ። «ምን ያስቅሃል አንተ?» አልኩት፣ ግን እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ታዲያ ወደ ረፋዱ ላይ ልጅቷ ቆመች። ከንፈሯ ተጣመመ። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ። መጣ፣ አልኩ በልቤ፣ አለቀልን። ወይዘሮ አስካለ አልደነገጡም፣ ዛፍ ሥር ነጠላቸውን አነጠፉ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡ፣ ልጅቷን አስቀመጡ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ እኔ ጿሚ ነኝ፣ ምግቡን ሳልነካ ተቀመጥኩ። እና እሳቸው ሊጸልዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የነሱ ጸሎት ታውቁታላችሁ፣ አጭር አይደለም። «አባት ሆይ፣ ስለዚህ ማዕድ፣ ስለዚች ልጅ፣ በአዳራሽ ውስጥ ስላለችው ልጃችን...» ሲሉ ሶሊ አየቻቸው። ዓይን ጨፍነዋል። እሷም በሁለት መዳፏ ዓይኗን ከደነች። ከደነችና «ኩኩዩ!» አለች።

ያን ጊዜ እኔ ምን ልበል? ልጅ ኩኩሉ ካለ የሚመለሰው አንድ ነው። አፌ ከኔ ቀድሞ «አልነጋም!» አለ። በሰው ጸሎት መሀል! ወይዘሮ አስካለ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «አቶ በየነ» አሉ «አሜን ነበር የሚባለው» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት፣ እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስንት ዓመት በልክ የያዝነው ሰላምታ እዚያ ዛፍ ሥር ፈረሰ።

ከዚያማ በቃ፣ ኩኩሉ ተጀመረ። ሶሊ ዓይኗን ስትከድን የተደበቀችው እሷ ይመስላታል፣ እኛ ከፊቷ ቁጭ ብለን «የት ሄደች?» እንላለን። «ኩኩዩ!» ስትል አትክልተኛው ከጽጌረዳው መሀል «አልነጋም!»፣ ዘበኛው ከበሩ «አልነጋም!»፣ አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው ሲያልፉ «አልነጋም!» ያ ሁሉ ትኬት የተቆረጠለት ፈረስ ባዶውን ይዞራል፣ ልጆቹ እናቶቻቸውን እየጎተቱ ወደኛ መጡ፣ ቆመው ያያሉ።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እኛ ስንሳሳቅ ሶሊ ሹልክ አለች። ቀና ስል የለችም! ብንሮጥ፣ አዳራሹን ዞራ መስኮቱ ሥር ቆማለች፣ መስኮቱ ደግሞ ስለሞቃቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከውስጥ የሕይወት ድምፅ ይሰማል፣ ማይክራፎን ይዛ እያቀረበች ነው። አፌን ልከፍት ስል ሶሊ ዓይኗን ከደነችና ባላት ጉልበት ሁሉ «ኩኩዩዩዩ!»

ከውስጥ፣ በማይክራፎን፣ «አልነጋም!»

እናትየዋ ናት! እሷም እንደኔው፣ አፏ ቀደማት! ለሻይ ሰዓት ሙዚቃ ተብሎ በረንዳው ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ አለ፣ እና ያ «አልነጋም» እንጦጦ ሙሉ ሰማው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሶሊ መዳፏን አንስታ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አለች። የእናቷ ድምፅ፣ እናቷ ግን የለችም። ከንፈሯ እንደገና ተጣመመ። እኔ አፏን ልይዝ እጄን ስሰድ ወይዘሮ አስካለ የኮቴን ጭራ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። «ይተዉዋት! ሲይዟት ነው የምታለቅሰው!» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «ሰማሽ ሶሊዬ? አልነጋም አለችሽ። ገና ነች። አልነጋም ከተባለ ይፈለጋል?» አሏት።

ሶሊ አሰበች። ሕጉን ታውቀዋለች፣ ዛፉ ሥር ስትጫወተው ነው የቆየችው። «አይ» አለች። አለችና ዓይኗን መልሳ ከደነች፣ ግድግዳው ሥር ቆመች። ቀጥ ብላ ቆመች! ትንሽ ልጅ፣ እናቷ በአንድ ግድግዳ ማዶ፣ እናቷ አልነጋም ስላለቻት!

ከውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ እና የሕይወት ድምፅ «ይቅርታ፣ ልጄ ናት፣ እየተጫወተች ነው» አለ። ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። ወጣች ስል፣ አልወጣችም፤ ቀጠለች። እንዲያውም ድምፅዋ ሌላ ሆነ፣ ረጋ አለ፣ ጠራ። ጨርሳ ሲጨበጨብላት እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ስትወጣ ሶሊ እዚያው ናት፣ ዓይኗ እንደተከደነ። የጫማዋን ድምፅ ሰማች መሰለኝ «ኩኩዩ?» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። ሕይወት ተንበረከከች። «ነጋ» አለቻት።

በቃ። እንዴት እንደተጠመጠመችባት አልነግራችሁም፣ እኔ ራሴ እያነባሁ ስለነበር በደንብ አላየሁም።

ኋላ በመኪና ስንመለስ ሕይወትን «ድምፅዋን ስትሰሚ እንዴት ቻልሽ?» አልኳት። «አባባ» አለችኝ «እኔን የጨነቀኝ ዝምታችሁ ነበር። ምን ሆና ነው፣ ወዴት ወሰዷት እያልኩ መስመር ስዘል ነበር። ድምፅዋን ስሰማ የለቅሶ አይደለም፣ የጨዋታ ነው። ልቤ ያን ጊዜ ተመለሰልኝ።» ወይዘሮ አስካለን ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው መስኮቱን እያዩ «አለቀሰች እንጂ ሳቀች ብሎ ማን ጥሎ ይወጣል» አሉ። እኔ ይሄን መቼም አላስበውም ነበር፤ እኔ ያሰብኩት አፏን መያዝ ነው።

ቦታውን? እንዴት አታገኝ! አገኘች እንጂ። አለቃው ራሱ ነው በስልክ የነገራት፣ መሥሪያ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ «ወይዘሮ አልነጋም» ነው የሚላት።

እና ልጆች፣ ሰው ብልህ ሲባል እሰማለሁ፣ እኔ እንደ ወይዘሮ አስካለ ያለ አላየሁም። በጠጠርና በባዶ ሃይላንድ ልጅ ማዋል ሌላውም ይችል ይሆናል። እሳቸው ግን በዚያ ቀን ያባበሉት ሁለት ልጅ ነው፣ አንዷ ውጭ፣ አንዷ አዳራሽ ውስጥ። ኧረ ሦስት ነን፣ ሱፍ የለበሰውም ሲቆጠር። ሃ ሃ ሃ!

«አባባ» አለች ሶሊ፣ ስልኳን እያነሳች፤ «እማዬ እኮ አሁንም ስብሰባ ላይ ሆና ስደውልላት ሃሎ አትለኝም። አልነጋም ትልና ትዘጋብኛለች።»