በትምህርት ወጪ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ሞታለች ስለተባለች እናት የተሰጠ የምስክር ቃል

ቃል የሰጠችው፦ የአመልካቿ ተማሪ ወላጅ እናት
ዕድሜ፦ 52
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ በየቤቱ እየዞረች ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከጣውላ መጋዘኑ ጀርባ፣ የጋራ ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ሰኞ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር በመርማሪው ስጠየቅ የማውቀውን እንደሚከተለው ተናግሬአለሁ።

ተጠርጣሪውን የማውቀው ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ለተማሪዎች ማመልከቻ ይሞላል፤ ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል። ልጄን ኮሌጁ ተቀብሏታል፤ ሆኖም የወጪ ድጋፍ ካልተፈቀደላት መመዝገብ አትችልም ነበር። ድጋፉ ሁለት ዓይነት መሆኑን በሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ተረድቻለሁ፤ አንደኛው ከተመረቁ በኋላ የሚከፈል ብድር ነው፣ ሁለተኛው አይመለስም። የማይመለሰውን ለመጠየቅ ወላጅ የደመወዝ ማስረጃ ያቀርባል፤ ቋሚ ደመወዝ የሌለው ደግሞ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። እኔ ቋሚ ደመወዝ የለኝም።

ፈጣኑ ልጄን ጉርድ ፎቶ እንድትነሳ ወደ ጎረቤት ላካትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ቃለ መሐላ ምናምን እያልሽ ስትመላለሺ ምዝገባው ያልፍብሻል። አባት የለም፤ እናትም የለችም ብንል ማን ይጠይቃል? ወላጅ የሌላት ቀድማ ነው የምታልፈው» አለኝ።

«በቁሜ?» አልኩት።

«በወረቀት ነው እንጂ! ሞተ የተባለ ሰው እንዲያውም ዕድሜው ይረዝማል» ብሎ ሳቀ።

ታላቁ ልጄ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እስከ ዛሬ ጎማ ይጠግናል። መርማሪው ስለ እሱ አልጠየቀኝም። ለፈጣኑ «እንግዲህ ግደለኝ» ብዬ መለስኩለት። በእናት መስመር ላይ «በሕይወት የለችም» ብሎ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የሞት ማስረጃውንም ራሱ እንደሚያመጣ ነገረኝ፤ ከየት እንደሚያመጣው አልጠየቅሁም። ልጄ ስትመለስ ቅጹን በክንዱ ሸፍኖ ከግርጌው ብቻ አስፈረማት።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኮሌጁ የተላከ አጣሪ ወደ ግቢያችን መጣ። እኔ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። «የሟች ምናቸው ነዎት?» አለኝ። እህቷ ነኝ፣ የልጅቷ አክስት አልኩት።

«ያጽናዎት። ምን አመማቸው?»

«ድንገት ነው» አልኩ።

ይህን እየጻፈ ሳለ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ከመስኮቷ፣ «የኩኩ እናት! ኧረ የኩኩ እናት! ካውያሽን አውሺኝ!» እያለች ተጣራች። ኩኩ የልጄ የቤት ስሟ ነው፤ በግቢያችን የወለደችን ሴት በራሷ ስም የሚጠራ የለም። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ አንሶላውን ማስጣት ቀጠልኩ። እሷ ግን መች ትተወኛለች፤ «ምነው፣ ሞተሽ ነው እንዴ?» አለች።

አጣሪው እስክሪብቶውን ከደነ። ጩኸቱን ሰምታ ልጄ ከቤት ስትወጣ ቅጹን አሳያት። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ያንን መስመር ያየችው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መርማሪው ልጄ ከእኔ በፊት የሰጠችውን ቃል ነገረኝ። «ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ ማንበብ ስለማትችል የተጻፈውን አታውቅም» ብላለች። የእሷ ቃል ከጸና ድጋፉን ብቻ ሳይሆን ቦታዋንም እንደምታጣ፣ የእኔ ከጸና ግን ከምስክርነት ወጥቼ ተከሳሽ እንደምሆን አስረዳኝ። እንዳስብበትም ውሃ ሰጠኝ። ልጄ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ስታስል ይሰማኛል።

ልጄ የተናገረችው ሐሰት ነው። ማንበብ እችላለሁ። ልጆቼ ሲያጠኑ ልብስ እያጣጠፍኩ፣ ከኋላቸው እያየሁ ፊደል ለየሁ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጄ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው።

መርማሪው «በምን ልመንዎት?» ሲለኝ የጻፈውን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት።

ይህ ቃል እንደ ደንቡ ሊነበብልኝ ሲገባ አልተነበበልኝም። ወረቀቱን ተቀብዬ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ራሴ፣ በር ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። በፈጣኑ ፊት የሆነውን በሚናገረው ክፍል ላይ «ተታልዬ» የሚል ቃል ስላገኘሁ አሰርዤዋለሁ፤ አልተታለልኩም። የቀረው ሁሉ እኔ ያልኩት ነው፣ እውነትም ነው። ለጣት አሻራ የቀረበልኝን ቀለም መልሼ በእጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________