ገመዱን ማን ለቀቀው?

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ሞተር ላይ ወጣች ማለት፣ አይ ልጆቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ላም ዛፍ ላይ ወጣች እንደ ማለት ነበር። እኔ ደግሞ የክትባት ሠራተኛ ነኝ፣ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን አድርጌ ከኋላዬ አስሬ፣ ዛሬ ቢታ ገነት ነኝ፣ ነገ ሺሺንዳ ነኝ። እና ታዲያ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሱሪ ለብሼ ሞተር ሳስነሳ ባየችኝ ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «ወየው ብርሃኔ! አሁን አንቺን ማን ያገባሻል?» ትላለች። ያገባኝማ አገባኝ። ይኸው ልጁ፣ ምትኩ፣ እዚያ ጥግ ላይ ስልኩን እየነካካ ያልሰማ የሚመስለው። ይሰማል! ጆሮው እዚህ ነው።

ታዲያ ጡረታ ስወጣ ያቺኑ አሮጌ ሞተር ከመሥሪያ ቤቱ ገዛኋት፣ እና እስከ ዛሬ ገበያ ብትሉ በእሷ፣ ለቅሶ ብትሉ በእሷ፣ ቤተ ክርስቲያን ብትሉ በእሷ ነው። ባለፈው ክረምት ግን እዚሁ በራችን ላይ ጭቃው አንሸራተተኝና ጉልበቴ ተላጠ። ምን ተላጠ! ድመት የቧጨረችኝ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ምትኩ ሰላም ነሣኝ። «እማዬ በቃሽ! እማዬ ቁልፉን ስጪኝ! እማዬ በባጃጅ ሂጂ!» እኔ በባጃጅ? ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ሴትዮ፣ ከዶሮና ከከሰል ጋር ታጭቄ?

እንግዲህ ስሙኝ። ወጣቶቹ የሞተር ውድድር አዘጋጁ ተባለ። የፍጥነት አይደለም፣ መሮጥ የለበትም። ግንድ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ዳገት አለ፣ በዚያ ላይ ቀስ ተብሎ ይታለፋል፣ እግር ግን መሬት መንካት የለበትም። እግር በነካ ቁጥር ነጥብ ይያዛል፣ ነጥብ የበዛበት ተሸናፊ ነው። «ደግሞ ነጥብ የበዛለት የሚሸነፍበት ጨዋታ መጣ!» ብዬ ሳቅሁ። ግን ለእኔ አዲስ ነው እንዴ? በዚያ በክረምቱ ጭቃ ሣጥን ጭኜ ስሄድ እግሬን የት ላወርድ ኖሯል?

እና ምትኩን ጠራሁት። «ና እንስማማ» አልኩት። «እወዳደራለሁ። ከወደቅሁ ቁልፉን ውሰድ፣ ዳግመኛ አልጠይቅህም። ካልወደቅሁ ግን ባጃጅ የምትለዋን ቃል ከአፍህ እንዳልሰማት!»

«እሺ እማዬ፣ ተስማምተናል!» አለ። ደስታው! እንደምወድቅ እርግጠኛ ነበራ። እኔም አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ያቺ ሞተር ከሄደች እኔ ማን ነኝ? በር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ልቆጥር?

ቀኑ ደረሰና ከሺሺንዳ ወዲህ ካለው ጫካ ዳር ሄድን። የገበያ ቀን ስለሆነ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ዳኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ታዲያ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ግንዱ ላይ ወጣና ተንገዳገደ። ሕዝቡ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔን! እኔን!» ብሎ ግር ብሎ ገብቶ ደግፎ ያዘው! ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ ነፋ፣ ጉንጩ ሊፈነዳ።

«አትንኩት! ሰው ከነካው ይበላሽበታል!»

ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸው ቀረብ አሉና «ታዲያ ይውደቅ?» አሉት።

«አዎ አባቴ፣ ይውደቅ!»

«ሰው ሲወድቅ ቆሜ ልይ?»

«አዎ፣ ቆመው ይዩ!»

ጋሽ ወልዴ ወደ ሕዝቡ ዞረው በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አስረዱ፣ ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ። ማን ይቀበለዋል? ሁለተኛውንም ደገፉት። ሦስተኛውንማ ገና ሳይንገዳገድ ያዙት! ዳኛው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ገመድ አምጡ! አንድ ጠንካራ ሰው ይያዝልኝ!» አለ። እና ማን ዘሎ ወጣ? ምትኩ! ያን ነጭ ጫማውን አድርጎ ገመዱን ወጠረና «ማንም አያልፍም!» አለ። «እናቴም ብትሆን ማንም እንዳይነካት!» ሰማችሁ? እናቴም ብትሆን!

የገመዱ ነገር ሠራ፣ የተደገፉትም እንደገና ጀመሩ፣ ሕዝቡ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሰው ሲወድቅ ያይ ጀመር። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። «እትዬ ብርሃኔ!» ሲባል እልልታው ቀለጠ፣ ግማሹን በልጅነቱ የወጋሁት እኔ ነኛ! ክንዱን ገልጦ «ይኸው ጠባሳው!» የሚለኝም አለ። ግንዱ ጋ ስደርስ ወገቤን ወደ ኋላ ጣል አደረግሁና የፊት ጎማዋን ብድግ፣ ተሻገርኩ! ወንዙ ውስጥ ድንጋዩ ሳሙና ነው፣ እዚያ አንዴ እግሬን አወረድኩ፣ ፊሽካው ጮኸብኝ። ይጩህ! እግር ማውረድ መውደቅ አይደለም።

የቀረኝ ዳገቱ ነው። ቀይ ጭቃ፣ በግራ በኩል ገደል ቢጤ፣ ምትኩም እዚያው አፋፉ ላይ ገመዱን ይዞ ቆሟል። ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ። ነዳጅ ሰጠኋት፣ ጨመርኩላት፣ በከንቱ ትዞራለች። ወደ ግራ ዘመመች፣ እግሬን ባወርድ መሬት የለም! አየር ነው የረገጥኩት። «አለቀልሽ ብርሃኔ፣ ቁልፍሽ ሄደ!» አልኩ በልቤ። ስለ ቁልፉ እንጂ ስለ አጥንቴ አላሰብኩም፣ የሰውን ነገር እዩት እንግዲህ!

ከዚያ ምን ሰማሁ? «እኔን ይድፋኝ እማዬ!» ሲል ሰማሁ፣ ወዲያው ክንድ መጥቶ ወገቤን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ። ገመዱ መሬት ወድቋል። ታዲያ ገመድ ከሌለ ያን ሕዝብ ማን ይይዘዋል? ጋሽ ወልዴ ዱላቸውን ጥለው መሪዋን ያዙ፣ ሌላው ጎማዋን፣ ሌላው መቀመጫዋን፣ እና እኔን ከነሞተሬ እንደ ሙሽራ ተሸክመው ዳገቱ ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ።

«ተበላሽቷል! ከሁሉ መጨረሻ ነዎት!» አለ ዳኛው። መጨረሻም ወጣሁ።

ምትኩ ሞተሯን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ጨበጠ። ያ ነጭ ጫማው ጭቃ ውጦታል። «አበቃ እማዬ፣ ወድቀሻል» አለኝ።

«ማን? እኔ?» ወደ ዳኛው ዞርኩ። «ልጄ፣ እውነቱን ፍረድ፣ ወድቄያለሁ?»

«አይ እትዬ፣ አልወደቁም። ሰው ነካዎት እንጂ።»

«መጀመሪያ የነካኝ ማን ነው?»

ዳኛው በፊሽካው ምትኩን ጠቆመው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ሞኝ፣ ትንሽ ብትታገሥ ቁልፉ ያንተ ነበር እኮ! ለምን ያዝከኝ?» አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ታዲያ እንዴት አድርጌ ልተውሽ?» አለ። እኔም አልዋሻችሁም፣ ያን ሁሉ ጊዜ «በቃሽ» ሲለኝ የናቀኝ መስሎኝ እናደድበት ነበር፣ ለካ ልጄ ፈርቶልኝ ነው። ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩት። እያቀፍኩት ግን ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩ። ፍቅር ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ!

ከኋላዬ አፈናጥጬው ቤታችን ቦንጋ ገባን፣ መንገዱን ሙሉ «ቀስ! ቀስ በይ!» እያለ። እና አሁን፣ ይኸውላችሁ፣ ቢሮው ውስጥ «እናቴ ወድቃ ነበር» እያለ ያወራል አሉኝ። ምትኩ! እስቲ ስልክህን አስቀምጥና ለእነዚህ ልጆች በአፍህ ንገራቸው፣ ገመዱን ማን ለቀቀው?

(ምትኩ ከስልኩ ቀና ሳይል) «ገመዱ እርጥብ ነበር፣ ከእጄ አምልጦኝ ነው።»