ቤተል ለምን አታለቅስም?

በፈረንጆች 2017 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ካለው የሀበሻ ግሮሰሪ ሽሮ ልገዛ ገብቼ ጋሼ ጉግሳን አገኘኋቸው። አንድ ወረቀት ያገላብጣሉ። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ቤተል ጠረጴዛ ላይ ስዕል ትስላለች። ልጅቷና እናቷ ከሰንዓ ጦርነት ሸሽተው ሃውቶርን ሰፈር ካለው የጋሼ ቤት ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም።

«አንተ መምህር አይደለህ? እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ጦርነቱ በልጅቷ ላይ ያሳደረው ጫና እንዳለ ለማወቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያያት ትምህርት ቤቷ ፈቃድ ይጠይቃል።

«አብዳለች ነው የሚሉት? ልጄ አታለቅስ፣ አትረብሽ። ስለ ቦምቡ ስትጠየቅ እንኳ ትስቃለች። ጌታ አስረስቷታል! እናቷ ያለ እኔ ቃል አትፈርምም፤ እኔ ደግሞ አልፈቅድም።»

በዚህ መሐል ሰርካዲስ ገባች። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ ካልቨር ሲቲ በሚገኝ የሕፃናት ክሊኒክ ትሠራለች። ነገሩን አስረዳኋት።

«ጋሼ፣ ማበድ አይደለም» አለች ዝግ ብላ። «ልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲደርስበት ልቡ መከለያ ያበጃል። አንዱ ይስቃል፤ ሌላው ምንም አላስታውስም ይላል፤ ትልቁ ልጅ እንደ ሕፃን አልጋው ላይ መሽናት ይጀምራል። ሶ፣ መከለያው ክፉ አይደለም። ቤተልን ለዚህ ያደረሳት እሱ ነው።»

«ካዳናት ታዲያ ምን ትነካኩታላችሁ?»

«መዳኗን በምን አወቁ? ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚመግል ቁስል አለ እኮ።»

«እኛ እንጸልይላታለን።»

«ጸሎቱን አይተዉ። ግን ስኳርዎን በየጠዋቱ ይለካሉ አይደል? ስለለኩ እምነትዎ ጎደለ?»

ያኔ ከውጭ ዕቃ የሚያራግፍ የጭነት መኪና የኋላ በር ጓ! ብሎ ተዘጋ። ሁላችንም ደነገጥን። ቤተል ግን ፊቷ እንኳ አልተለወጠም፤ እርሳሶቿን ሰብስባ ጠረጴዛው ሥር ገባችና ፈገግ እንዳለች መሳሏን ቀጠለች።

«ቤትም እንዲህ ታደርጋለች» አሉ ጋሼ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።» በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ቤቲዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እዚህ ይሻላል።»

ሽማግሌው ሲነሱ ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። «ምን ብለው ይጠይቋታል?»

«ብዙ አይጠይቋትም» አለች ሰርካዲስ። «ስዕል ያስሏታል፣ በአሻንጉሊት ያጫውቷታል፣ እናቷንና አስተማሪዋን ያነጋግራሉ። መከለያውን በግድ አይቀሟትም። የሚረዳትን ከሚጎዳት ይለያሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንዲኖርም መጠየቅ መብታችሁ ነው።»

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። «ፈርሚ» አሏት።

እኛ ዝም ያለን ልጅ ጨዋ፣ ያለቀሰን ልጅ ሞልቃቃ ማለት ለምዶብናል። ስንቱን ሕፃን በዚህ ምስጋና ብቻውን እንደተውነው እግዜር ይወቀው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ባለሙያዋ ማየት በጀመረች በሁለተኛው ወር ቤተል ሌሊት ተነስታ አምርራ አለቀሰች፤ ጋሼም «አበላሹብኝ!» ብለው ደወሉልኝ። ባለሙያዋ ግን ማልቀሷ የመዳን መጀመሪያ መሆኑን አስረድታ አረጋጋቻቸው።

በሚያዝያ ከአምልኮ በኋላ ሳገኛቸው፣ ወላጆችን ሰብስበው ይመክራሉ። «አሁን እንቅልፏን ትተኛለች። ጓደኛ አበጅታለች። ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች። ሲከፋት ከፋኝ ትለኛለች፤ እኔም ምን እንደማደርግላት አውቃለሁ። ወረቀቱ ሲመጣላችሁ አትፍሩ!»

ከዚያ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

«እኔ በሃያ ዓመቴ ከግንባር ስመለስ እንዴት ነህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሳልናገር ኖርኩ። እስቲ ሰርካዲስን ጠይቅልኝ... ለሽማግሌም ይሆናል?»

ይሆናል አለች፤ አዋቂዎችን የሚያይ ባለሙያም ጠቆመችን። ማክሰኞ ዕለት ራሴ ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው።